ሳሎናችን ለአዳር ስንት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱን በአዳር ሒሳብ የሚያከራይ ሰው የዘመን አቆጣጠሩ የብቻው ነው። ዓመቱ መስከረም 1 አይጀምርለትም፤ ከገና ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ቦሌ የሚያርፈው አውሮፕላን ሁሉ ሻንጣ መዘርገፍ ሲጀምር ነው የሚብተው። ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 መኸር ነው። ከጥምቀት ማግስት ሠርገኛው ይገባል። ሠርገኛው ወጥቶ ሳያልቅ የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ይደርሳል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይያዛል፤ ባለቤቱም ይጾማል፣ ቤቱም ይጾማል፣ ኪሱም ይጾማል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የውጭ ሀገር ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ፣ ዲያስፖራው ልጆቹን ሰብስቦ «የ13 ወር ፀሐይ» እያለ ሲነግራቸው የኖረውን ሀገር ሊያሳያቸው ይመጣል። ልጆቹም ሦስት ሳምንት ሙሉ መስኮት ሥር ቆመው ዝናቡን ያያሉ።

ነገሩ ሰፈራችንን አጥብቆ የያዘው በ2014 ነው። ያን ጊዜ መንግሥት አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ለገና ሀገሩ እንዲገባ ጥሪ አደረገ። ጥሪው ለዲያስፖራው ነበር፤ ቀድሞ የሰማው ግን አከራዩ ነው። «ይህ ሁሉ ሰው የት ሊያድር ነው?» የሚለው ጥያቄ ከቤት ቤት ሲዞር፣ ዕቃ ቤቱን በሌላ ዓይን ማየት ያልጀመረ ሰው አልነበረም። ለዓመታት የተሰበረ ወንበርና የአሮጌ ጋዜጣ ክምር ሲጠብቅ የኖረ ክፍል በአንድ ሌሊት «ስቱዲዮ» ሆነ።

ቤቱን በሙሉ ለአንድ ሰው ከመስጠት መከፋፈሉ ለምን እንደሚበልጥ ማንም እናት ታውቃለች። ዶሮዋን ሳትገነጥል ብታቀርባት የምታጠግበው አንድ ጎረምሳ ነው፤ 12 ቦታ ስትወጣ ግን የመጣው እንግዳ ሁሉ ይደርሰዋል። ቪላም እንደዚያው ነው። ሙሉውን የሚይዝ ሀብታም በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው፤ አራት ቦታ ሲቆራረጥ ግን አራት ተራ ሰው ያገኛል፣ የአራቱም ሒሳብ ተደምሮ ከሀብታሙ ይበልጣል። በዚህ ላይ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የመደበኛ ተከራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ለሁለት ዓመት መተሳሰር ያስፈራው አከራይ ደግሞ ለሁለት ሌሊት ትውውቅ ልቡ መከጀሉ አይቀርም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የዶላር ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅማ፣ ሲያመነታ የነበረው ሁሉ አናጢ ጠራ።

የእኛ ቤት ሃያ ሁለት አካባቢ ነው። አባታችን ነፍሱን ይማረውና በቤት ሥራ ማኅበር የሠራው ቪላ ሲሆን፣ ሳሎን፣ ሦስት መኝታ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ ከጀርባ ደግሞ ሰርቪስ ቤት አለው። እማዬ፣ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን እንኖርበታለን። ኖረንበታል ልበል፤ አሁን የምንኖረው ከጀርባው ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ሐበሻው ከመብዛቱ የተነሣ ግን ሰው ሲያወራላት ከቦሌ ቀጥሎ ያለች ክፍለ ከተማ ትመስላለች።

«እናንተ እኮ ወርቅ ላይ ነው የተኛችሁት!» አለ ወንድም ጋሼ በስልክ። «ያ ቤት ንጹሕ አራት ዩኒት ይወጣዋል።»

ከዚያም የኤርቢኤንቢን ታሪክ ተረከልን። በ2007 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሁለት ወጣቶች የቤት ኪራይ ቸገራቸው። ከተማዋ በዲዛይን ጉባኤ ምክንያት ሆቴሉ ሁሉ ሞልቶባት ነበርና፣ አየር የሚነፋ ፍራሽ ሳሎናቸው ውስጥ ዘርግተው ሰው በገንዘብ አሳደሩ። በማግስቱ ዓመት ድርጅቱ ተቋቋመ፤ ይኸው ዓለምን አዳረሰ።

እማዬ በትዕግሥት ሰምታ ስታበቃ፣ «ሳሎን ውስጥ ፍራሽ መዘርጋቱን ነው እነሱ ፈጠርነው የሚሉት?» አለች።

እውነቷን ነው። በአባታችን ጊዜ ገና በመጣ ቁጥር ከደብረ ብርሃንም ከደብረ ሲናም የሚመጣው ዘመድ ከሳሎኑ ጀምሮ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ተደርድሮ ይተኛ ነበር። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፦ የእነዚያ ወጣቶች ፍራሽ አየር፣ ክፍያው ጥሬ ገንዘብ ነበር፤ የእኛ ደግሞ ፍራሹ ጥጥ፣ ክፍያው አየር።

ለነገሩ እንግዳና ገንዘብ በአንድ መሶብ አልቀርብ ማለታቸው የቆየ ነው። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ሲከፍቱ፣ በገንዘብ መብላት ነውር የመሰለው መኳንንት ደጁን አልረግጥ ቢል፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው፣ በልተው፣ ከፍለው አሳዩት እየተባለ ይወራል። ወንድም ጋሼ ይህን ያነሣው እማዬን ለማሳመን ነው። እማዬ ግን የራሷን ፍቺ ሰጠችው፤ «ንጉሡ ከፋይ ነበሩ። እኔን የምትለኝ ተቀባይ እንድሆን ነው።»

ቢሆንም ተሸነፈች፤ ያሸነፋትም የጣሪያው ቆርቆሮ ማፍሰስ ነው።

ከአለት 11 አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈለ ሀገር ከአንድ ቪላ አራት ቤት መፈልፈል አይከብደውም። አናጢው ቺፑዱን፣ ግንበኛው ብሎኬቱን፣ ቧንቧ ሠራተኛው መጋዙን ይዘው ገቡ። ከተማው በኮሪደር ልማት ሲናወጥ እኛም የቤታችንን ኮሪደር አለማነው፤ ከተማው የሚያፈርሰው መንገድ ለማስፋት ነው፣ እኛ ያፈረስነው ሻወር ለመክተት። መስኮት በር ሆነ፣ በር ግድግዳ ሆነ፣ የአባታችን መጻሕፍት መደርደሪያ «ሚኒ ኪችን» ሆነ። ወንድም ጋሼ ለእያንዳንዱ ዩኒት ስም አወጣ። ሳሎኑ ተፈልፍሎ የወጣ ነውና «ላሊበላ» ተባለ። ሁለቱ መኝታ ቤቶች ተቀላቅለው ሰፊ አልጋ ስለገባላቸው «ጎንደር» ሆኑ፤ ቤተ መንግሥት ለማለት ነው። ፀሐይ የማያገኘው ሦስተኛው መኝታ ቤት «ሰሜን ተራሮች» ተባለ፤ ብርዱን ያየ ስሙ አይበዛበትም። ቆርቆሮው ራስ ላይ የተደፋው ዕቃ ቤት ስም የወጣለት ቀን ሙቀቱ ሰው የሚያስጮህ ስለነበር «ዳሎል» ሆኖ ቀረ። እኛ የገባንበት ሰርቪስ ቤት ስም አልተሰጠውም። ለገበያ የማይወጣ ነገር ስም ምን ይሠራለታል?

ቀጥሎ ማስታወቂያ ተጻፈ። «ሁሉም የየራሱ መግቢያ ያለው» የሚለው ሐረግ ዋናው ነው፤ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለብቻው መሆንን ለመግዛት ነውና። ሐረጉ ውሸት የለበትም። የሰሜን ተራሮች መግቢያ የራሱ ነው፤ ብቻ ወደ መግቢያው የሚያደርሰው መንገድ በልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ያልፋል። እንግዳው ረጅም ከሆነ በእማዬ ነጠላ ፊቱን እየጠረገ ይገባል። ዳሎልም በፎቶ ሲያዩዋት አዳራሽ ናት። ፎቶ አንሺው ያን ፎቶ ሲያነሣ ግማሽ አካሉ ደጅ እንደነበር ከፎቶው አይታይም።

እንግዲህ ቤቱ በወረቀት ላይ አራት ሆነ። ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ሮቶው አንድ ነው። የውጭ በሩ አንድ ነው። የፍሳሽ ጉድጓዱም አንድ ነው፤ ስለ እሱ ባናወራ ይሻላል።

የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጠን ቆጣሪው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይጎትታል። እማዬ እንጀራ በምትጋግርበት ጧት የላሊበላው እንግዳ የውኃ ማሞቂያውን ከፈተ፣ የጎንደሮቹ ከፈቱ፤ ሰሜን ተራሮች ያለችው ወጣት ደግሞ 110 ቮልት የለመደውን የፀጉር ማድረቂያዋን ከአሜሪካ ይዛው መጥታ 220 ላይ ሰካችው። ማድረቂያው ወደ አምላኩ ሄደ፣ ብሬከሩ ወደቀ፣ ግቢው ጨለመ። ሦስት ሰው በሳሙና እንደተለቀለቀ ቀረ፤ አንድ እንጀራም ምጣዱ ላይ ሊጥ እንደሆነ ቀረ። እማዬ ያዘነችው ለማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ከዚያ ወዲያ በልጄ የእጅ ጽሑፍ አንድ ማሳሰቢያ በአራቱም በሮች ላይ ተለጠፈ፦ «ማክሰኞና ዓርብ ጧት እንጀራ ስለሚጋገር፣ እባክዎ ገላዎን የሚታጠቡት የምጣዱ ጭስ ሲያባራ ይሁን።» በዓለም ላይ ሻወሩ በእንጀራ ጭስ የሚመራ ማረፊያ ሌላ ያለ አይመስለኝም። እንግዶቹ ግን ሲጠብቁ ማድ ቤቱ ደጃፍ ይሰበሰባሉ። ደጃፉ ላይ የተሰበሰበን ሰው ደግሞ እማዬ ትኩስ እንጀራ በአዋዜ ሳታስጨብጥ አታሳልፍም። ማስታወቂያው ላይ ቁርስ አልተጠቀሰም፤ ተበላ ግን።

ውኃውም ያው ነው። ለሰፈራችን በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ሮቶው ይሞላል፣ ሲሄድ ሮቶው ያኖረናል። እኛ ቤተሰቡ ከአንድ ባልዲ ስንት ሰው እንደሚታጠብ ያወቅነው ገና በሕፃንነታችን ነው። ከቨርጂኒያ የመጣ የ15 ዓመት ልጅ ግን ሻወር ሥር ገብቶ ሕይወቱን ያሰላስላል። አሰላስሎ ሲወጣ የዳሎሉ እንግዳ ሻምፖ ራሱ ላይ እንዳለ ቧንቧውን ይጠይቃል። ቧንቧውም ትንፋሽ ብቻ ይመልስለታል።

ከሁሉ የባሰው ቺፑዱ ነው። ግድግዳ እንዲሆን ተቀጥሮ መልእክተኛ ሆኖ አረፈው። አንድ ሌሊት የላሊበላው እንግዳ አነጠሰ። እማዬ ማድ ቤት ውስጥ ሊጧን እያየች ኖሮ፣ ሳታስበው፣ በማዶ በኩል «ይማርህ!» አለችው። ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ፣ የአሜሪካ ጣዕም ባለው አማርኛ፣ «ያኑርዎት እማማ!» የሚል መልስ መጣ። ሁለቱም በዚህ ምንም ነውር አላዩም። ወንድም ጋሼ ግን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ሰው የከፈለው እኮ ለብቻው ሊሆን ነው!» አለ። እማዬ፣ «ታዲያ አነጠሰ እንጂ መቼ ብቻውን ሆነ?» አለችው።

ወንድም ጋሼ አስተዳዳሪ ነኝ ብሎ ያስባል። ዋጋ የሚያወጣው፣ ፎቶ የሚለጥፈው፣ እንግዳ የሚቀበለው በስልኩ እሱ ነው። በሩን የምትከፍተው ግን እማዬ ናት፤ እሷ ዘንድ ደግሞ ዋጋ የሚወሰነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «የማን ልጅ ነህ?»

ይህ ጥያቄ ስንት ዶላር እንደበላብን እግዜር ይቁጠረው። እንግዳው ሰፈሩን ከተናገረና እማዬ ሰፈሩን ካወቀችው፣ ቅናሽ አለ። አያቱን ካወቀቻቸው ግማሽ በግማሽ ነው። እናቱ ድሮ ለአባታችን ለቅሶ የደረሰች ከሆነች፣ በቃ፣ ልጁ መክፈሉ ቀርቶ ሲሄድ በርበሬና ሽሮ ተቋጥሮለት ነው። አንድ ሰሞን ከዱባይ የመጣች፣ ወደ ደሴ የምታልፍ ወጣት ዳሎልን ያዘች። ዓመታት በሰው ቤት ሠርታ ነበርና እጇን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነላትም። ጧት ተነሥታ አልጋዋን አነጠፈች፣ ሻወሩን አጠበች፣ ከዚያ ግቢውን ጠረገች። እማዬ መጥረጊያውን ከእጇ ነጠቀቻት፤ «አንቺ የምታርፊው መቼ ነው?» ብላ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፣ ቡና አፈላችላት። ገንዘቡን ለመቀበል አሻፈረኝ አለች። ወንድም ጋሼ በስልክ «እማዬ፣ ይህ እኮ ቢዝነስ ነው» ሲል፣ «የእሷም ድካም ቢዝነስ ነበር፤ ይብቃት» አለችው። በዚያ ላይ የሚመለስ ቃል አልተገኘም።

የቁርሱም ነገር እንዲሁ ነው። አንድ እንግዳ ከገና በፊት ባለው ጾም እንቁላል ጥብስ ጠየቀ። እማዬ በጾም እንቁላል ከዚህ ማድ ቤት አይወጣም አለች። ወንድም ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእማዬ ጋር ተስማማ፤ ማስታወቂያው ላይ «ቪጋን ቁርስ» የሚል ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ የእማዬን የሱፍ ፍትፍት ፍለጋ ሥጋ የማይበሉ ስዊድናውያን ይመጡልን ጀመር። እማዬ ስለ ሃይማኖታቸው ጽናት ታደንቃቸዋለች፤ ፋሲካም አልፎ እንደሚጾሙ ስትሰማማ ለጸሎታቸው ራሷን አደራ ሰጠች።

እስከዚህ ድረስ ያለው ቀልዱ ነው። አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ።

ልጄ አስረኛ ክፍል ናት፤ ሒሳብ ትወዳለች። የእንግዶቹን መዝገብ የምትይዘው እሷ ናት። አንድ ቀን ላሊበላ እንግዳ አልነበረውምና፣ ገብቼ በድሮው ሶፋችን ላይ ከምሳ በኋላ ጋደም አልኩ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«አባዬ፣ እዚህ ነው የምትተኛው?»

«ምን አለበት? ባዶ ነው።»

«ዛሬ ማታ ድንገት ሰው ቢጠይቅስ? አንሶላው እንደገና ሊታጠብ ነው። ሳሙናው፣ መብራቱ፣ ያመለጠው አዳር ሲደመር…» ብላ ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች።

ተነሣሁ። ሶፋው አባቴ የገዛው ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴን ያጠናሁት እሱ ላይ ተቀምጬ ነው። ነገር ግን ለአዳር ስንት እንደሚያወጣ ካወቅሁ ወዲህ ጀርባዬ አልመቸው አለ። ሰው በራሱ ቤት በነጻ ሲቀመጥ ሌባ ሌባ ይሸተዋል እንዴ? ዋጋ ያልወጣለት ሳሎን ሲቀመጡበት ማረፊያ ነው፤ ዋጋ የወጣለት ሳሎን ግን ሲቀመጡበት ወጪ ነው። ባለቤቴ ሰሜን ተራሮች መስታወት ፊት ቆማ ጠጉሯን ማበጠር ትታለች። ልጄ ወንድሟን ከዳሎል ታባርረዋለች፤ «ይህ ክፍል ዛሬ ይያዛል» ትለዋለች፣ እሱ ግን የተወለደው እዚህ ቤት መሆኑ ይረሳል። ክፍሎቹ ባዶ ሆነው ሲያድሩ እንኳ እኛ ሰርቪስ ቤት ተጣበን እናድራለን። ለምን ብትሉ፣ ባዶ ክፍል ተስፋ አለው፤ የተኛንበት ክፍል ግን ተስፋው አልቋል።

ይህ የእኛ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን የዓለም ከተሞችም ወደ ሰርቪስ ቤት እየገቡ ነው። ባርሴሎናን ውሰዱ። ነዋሪው የሚከራየው አጥቶ ቱሪስቱ በየደረጃው ሻንጣ ሲጎትት፣ ከንቲባው በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ወጥተው፣ ለቱሪስት የሚከራዩ 10,000 ያህል አፓርታማዎች እስከ ኅዳር 2028 ድረስ ፈቃዳቸው አብቅቶ እንደማይታደስ አስታወቁ። ከተማው ሳሎኑን አከራይቶ ራሱ ከጀርባ ሲያድር ቆይቶ፣ አሁን ሳሎኔን መልሱልኝ እያለ ነው።

ኒውዮርክ ደግሞ ይብስ አደረገችው። ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕጓ መሠረት፣ ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ ሰው በገንዘብ የሚያሳድር ሰው መመዝገብ አለበት። እንግዶቹ ከሁለት አይበልጡም። ባለቤቱ እንግዶቹ ባሉበት ጊዜ ሁሉ እዚያው ቤት ውስጥ መኖር አለበት። ቤት ውስጥ ያሉትንም በሮች ቆልፎ እንግዳውን መለየት አይችልም፤ እንግዳው ሁሉንም ክፍል መድረስ አለበት። ይህን ለእማዬ ስነግራት መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።

«ባለቤቱ ከእንግዳው ጋር ይሁን፣ በር አይዘጋበት፤ ይህ ነው ሕጉ?»

«አዎ።»

«ይህማ እኛ ስንኖርበት የነበረው ነው፤ አናጢ ጠርታችሁ ያፈረሳችሁት።»

ኒውዮርክ ያን ሕግ ያወጣችው የመኖሪያ ቤት እጥረት አስጨንቋት እንጂ ለመስተንግዶ አስባ እንዳልሆነ ላስረዳት ፈልጌ ነበር። ተውኩት።

አሁን ወደ ወንድም ጋሼ። አምና ለገና፣ እማዬን በድንገት ላስደስት ብሎ ሳይናገር መጣ። ዋዜማው ነው። ጎንደር ቨርጂኒያዎች ገብተዋል፣ ላሊበላ ጾመኞቹ ስዊድናውያን ገብተዋል፣ ዳሎል አንድ የሙዚቃ ተማሪ ይዞታል፤ ሰሜን ተራሮች የሎንዶን ሽማግሌ አርፈውበታል። ሰሜን ተራሮች ማለት ወንድም ጋሼ ያደገበት ክፍል ነው። ወንድም ጋሼ ሁለት ሻንጣ ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ የተቀበለው በቅርብ የቀጠርነው ዘበኛ ነው። ወሬውን በኋላ ያጫወተን ራሱ ዘበኛው ነው።

«የትኛውን ይዘው ነበር ጌታዬ?» አለው ዘበኛው።

«ምንም አልያዝኩም። ቤቴ ነው።»

«ስም ማን ልበል?»

«እኔ የዚህ ቤት ልጅ ነኝ! እዚህ ነው ያደግሁት!»

ዘበኛው በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። «እሱንማ ሁሉም ነው የሚለው ጌታዬ፤ ቅናሹን ስለሰሙ ነው።»

እማዬ ድምፁን ሰምታ እየሮጠች ባትወጣ ኖሮ፣ ለአራቱም ዩኒት ስም ያወጣው ሰው የገናን ዋዜማ ሆቴል ፍለጋ ያሳልፍ ነበር። እልልታው፣ ልቅሶው፣ መሳሳሙ ካበቃ በኋላ ግን ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ የት ይተኛ? ሽማግሌውን ማስወጣት አይሆንም፤ ከፍለዋል፣ ደግሞም የማን ልጅ መሆናቸው ተጠይቆ የእማዬ የአክስት ልጅ ጎረቤት ሆነው ተገኝተዋል። ወንድም ጋሼ ኩራት ይዞት፣ «እከፍላለሁ፣ ሌላ ቦታ አድራለሁ» አለ። እማዬ እንዲህ ያለ ቃል ሁለተኛ ከአፉ እንዳይወጣ አደረገችው። በመጨረሻ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ፣ በእኔና በልጄ መካከል የጥጥ ፍራሽ ተዘረጋለት።

ሌሊቱን አልተኛም። ቺፑዱ ሥራውን እየሠራ ነበር፤ የሽማግሌው ማንኮራፋት ከእሱ ክፍል፣ ከእሱ አልጋ ተነሥቶ እሱ ድረስ ይመጣል። ንጋት ላይ በሹክሹክታ ጠራኝ።

«ግድግዳውን ድርብ ማድረግ ነበረባችሁ» አለኝ።

«ድርብ ቢሆን ወጪው ይበዛል ያልከው አንተ ነህ።»

«ታዲያ ለእኛስ ለምን አንድ ክፍል አልተዋችሁም?»

«ለአዳር ስንት እንደሚያወጣ አሥልተህ የነገርከን ጊዜ ተውነው።»

ጥምቀት አልፎ ሽማግሌው ሲሄዱ፣ እማዬ የሰሜን ተራሮችን ቁልፍ ከመስቀያው አነሣችና በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው። ያ ክፍል ከእንግዲህ አይከራይም አለች። ወንድም ጋሼ በልማዱ በዓመት ስንት እንደሚያሳጣን መደመር ጀመረ። «ሒሳቡን ልጅቷ አስተምራኛለች» አለችው እማዬ፤ «እኔ ደግሞ አንድ ክፍል ሳትደምሩ እንድትተዉ ላስተምራችሁ።»

ቤታችሁን ለመከፋፈል ለምታስቡ ወገኖቼ ምክሬ አጭር ነው። ንግድ ፈቃዱን አውጡ፣ ግብሩን ክፈሉ፣ ቆጣሪውን ለየብቻ አድርጉ፣ ሮቶውን በሁለት አባዙ፣ ምጣዱን ከማሞቂያው አጣሉት። ይህን ሁሉ ገንዘብ ያስተካክለዋል። ከዚያ ግን ከክፍሎቹ መካከል አንዱን፣ ያውም ደህናውን፣ ስም አታውጡለት፣ ፎቶ አታንሡት፣ ለአዳር ስንት እንደሚያወጣም ለልጆቻችሁ አትንገሩ። ክፍሉ ሁሉ ብር በሚያመጣበት ግቢ ውስጥ ጥጉን ይዞ የሚያድር ሰው ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው ደግሞ ከእናንተ ይሻላል፣ ደመወዝ አለው።